ከሰልፉ ወደ ሰልፉ ፊት፦ የአንድ ቴኳንዶ ክፍል ርክክብ በባሕር ዳር

ጉዳዩ የሚመለከተው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር በኪራይ አዳራሽ የሚሠራ አንድ የቴኳንዶ ክለብ ነው። አዳራሹ 9 በ12 ሜትር ይሆናል፤ ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ክለቡ የሚያስተምረው አይቲኤፍ በመባል የሚታወቀውን፣ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቋቋሙት ፌዴሬሽን ሥርዓት የሚሰጠውን ቴኳንዶ ነው። የአዋቂዎችና የልጆች፣ ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱንም ለዓመታት ሲያሠለጥን የኖረው አንድ ማስተር ነው። (በማዕረግ ደንቡ ማስተር የሚሆነው 7ኛ ዳን (ዳን የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ነው) የደረሰ ነው፤ ከተማው ግን የሚያስተምረውን ሁሉ ማስተር ይላል፤ እዚህም እንደ ከተማው እንጠራዋለን።)

ግንቦት መጨረሻ ላይ የማስተሩ መደበኛ ሥራ ሳምንቱን ሙሉ ደብረ ታቦር እንዲያሳልፍ አስገደደው። ከአዋቂዎቹ ክፍል አንድ የ21 ዓመት ወጣት፣ 1ኛ ዳን፣ የምህንድስና ተማሪ መረጠና ቁልፉንና የስም መዝገቡን ሰጠው። «ከሰኔ ጀምሮ ልጆቹን አንተ ያዝ፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ» አለው። ርክክቡ በዚሁ አለቀ።

ምርጫው መጥፎ አልነበረም። ልጁ ሰዓት አክባሪ ነው፣ ፓተርኑ (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራው የእንቅስቃሴ ሰንሰለት) ንጹሕ ነው፣ ቁጡ አይደለም። የተበላሸው አሰጣጡ ነው። በአይቲኤፍ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ዳን ያለ ሰው ቡሳቦም፣ ማለትም ረዳት አሠልጣኝ ነው፤ ሳቦም የሚባለው ከ4ኛ እስከ 6ኛ ዳን ያለው ነው። ረዳት ደግሞ የሚረዳው ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል። ብዙ ክለቦች ይህን ደረጃ የሚያስታውሱት ሰርተፍኬት ሲሞሉ ብቻ ነው።

ወቅቱም አላገዘውም። ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ወላጅም ልጁ ሰፈር ለሰፈር እንዳይዞር አንድ ቦታ ያስመዘግበዋል። በመዝገቡ የነበሩት 16 ልጆች በሁለት ሳምንት 38 ሆኑ፤ አብዛኞቹ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ፣ ቀበቶ ማሰር ራሱ ያልለመዱ ናቸው። ከ38ቱ ውስጥ በወሩ አጋማሽ ሳያቋርጥ የሚመጣው 23 ብቻ ነበር።

ደብተሩ ላይ የተገኘው

ማስተሩ በሐምሌ ሁለተኛ ቅዳሜ መጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አልተናገረም፣ አላቋረጠም፤ ሰዓቱን እያየ ብቻ ይጽፍ ነበር። ከ90 ደቂቃው 34ቱ በማሟሟቂያ አለቀ። 21 ደቂቃ አሠልጣኙ ሲያሳይ ልጆቹ ቆመው አዩ። 9 ደቂቃ ላረፈዱ ልጆች ቅጣት፣ 6 ደቂቃ ምክር ሆነ። ልጆቹ ራሳቸው የሠሩት 20 ደቂቃ ነው።

ማሟሟቂያው 34 ደቂቃ የፈጀው ወጣቱ የራሱን ስለሠራ ነው። በአዋቂዎች ክፍል የለመደውን ቅደም ተከተል፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ከዚያም ረጅም ስፕሊት (እግር በሰፊው ከፍቶ መቀመጥ)፣ አንዱንም ሳያስቀር አመጣው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን በ10 ደቂቃ ይሞቃል። አዳራሹን አራት አምስት ጊዜ መዞር፣ ጉልበት እያነሱ መሮጥ፣ መገጣጠሚያ ማዞር፣ እግር ወደ ፊትና ወደ ጎን ሳይመነጭቁ ማወዛወዝ ይበቃዋል። ስፕሊት ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰውነት ሲግል። ከሁሉ የከፋው አንዱ ልጅ ስፕሊት ተቀምጦ ሌላው ከኋላ ትከሻውን እንዲጫነው ማድረጉ ነበር። የሚጫነው ልጅ የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ የሚጫኑት ደግሞ እንዳይሳቅበት «አመመኝ» አይልም። የብሽሽት ጅማት የሚሸመቀቀው እንዲህ ነው።

21 ደቂቃው የበለጠ ያስተምራል። ወጣቱ ምት ሲያሳይ የሚያሳየው የሚችለውን ነው፤ ከራስ በላይ የሚወጣ ምት፣ ዘሎ መዞር። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ከዚያ እንደሱ ሊዘሉ ሞከሩ፣ ሊሾው ላይም ወደቁ። ለጀማሪ የሚታይ ምት ጀማሪው በዚያው ቀን ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ ማለፍ የለበትም፤ ይኸውም የልጁ የራሱ ቀበቶ የታሰረበት ከፍታ ነው። በዚያች ቅዳሜ ዶቦኩ (የሥልጠና ልብሱ) በላብ የራሰው አሠልጣኙ ነበር፤ የልጆቹ ደረቅ ነው። የልጆች ክፍል መበላሸቱን በዚህ ያህል በፍጥነት የሚያሳይ ምልክት የለም።

የግራና ቀኝ ጣጣ

ነጭ ቀበቶ መጀመሪያ የሚማረው ሳጆ ጂሩጊን ነው፤ በአራት አቅጣጫ እየዞሩ መምታት። ወጣቱ «ይሰለቻሉ» ብሎ ዘለለውና በቀጥታ ቾንጂን፣ የመጀመሪያውን ፓተርን፣ ጀመረ። ቾንጂ 19 እንቅስቃሴ አለው፤ ግማሹ የታች መከላከልና መምታት፣ ግማሹ የመካከለኛ መከላከልና መምታት ነው፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ተከታታይ ምት አለ። ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ክብደቱ መዞሩ ላይ ነው፤ መዞርን የሚያስተምረው ደግሞ የተዘለለው ሳጆ ጂሩጊ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ አንዱ እግር መሬት እንደያዘ ሌላው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

የሆነው እንዲህ ነው። የቾንጂ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ወደ ግራ ነው። ወጣቱ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ «ግራ!» እያለ የራሱን ግራ እግር ወሰደ፤ ግማሾቹ ቃሉን ሰምተው ወደ ግራ፣ ግማሾቹ እሱን አይተው ወደ ቀኝ ሄዱ፤ መሐል ላይ ተጋጩ። በሚቀጥለው ቀን ጀርባውን ሰጥቶ ሠራ። አቅጣጫው ተስተካከለ፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አያይም። ከኋላ ረድፍ ሁለት ወንድማማቾች ቀበቶ ሲጓተቱ ሩብ ሰዓት አለፈ።

መስታወት ሆኖ ማሳየት፣ «ግራ» እያሉ የራስን ቀኝ መውሰድ፣ የሚለመድ ነገር ነው፤ ሳምንት ልምምድ ይፈልጋል እንጂ አይከብድም። ግን የሚሠራው ልጆቹ ፊታቸውን ወደ አሠልጣኙ እስካዞሩ ድረስ ነው። በቾንጂ ሦስተኛ እንቅስቃሴ ላይ ልጁ ቀኝ እግሩን በኋላ በኩል አዙሮ 180 ዲግሪ ይገለበጣል፤ በዚያን ጊዜ ፊቱ የሚገኘው ግድግዳ ነው። ማንን ይይ? መፍትሔው አራት ማዕዘን ላይ አራት ሰው ማቆም ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ቀበቶ ያላቸው አራት ተማሪዎች በአዳራሹ አራት ጥግ ቆሙ፤ ነጮቹ መሐል ሆኑ። ልጁ ወዴትም ቢዞር ከፊቱ ትክክል የሚሠራ ሰው ያገኛል። አሠልጣኙም ከማሳየት ይገላገላል፣ እየዞረ ማየት ይጀምራል።

በዚህ መዞር ላይ የሚደጋገም አንድ ስሕተት አለ። ልጁ እግሩን ቀጥታ ወደ ኋላ ያስቀምጥና በቦታው ይዞራል፤ ሲጨርስ ሁለቱ እግሮቹ በአንድ መስመር ላይ ገመድ እንደረገጠ ሰው ይቆማሉ። በጉኑን ሶጊ (በመራመጃ አቋቋም) በእግሮቹ መካከል የአንድ ትከሻ ስፋት፣ ከፊት እስከ ኋላ ደግሞ አንድ ከግማሽ ትከሻ ርዝመት ሊኖር ይገባል፤ ክብደቱም ሃምሳ በሃምሳ ነው። ስፋቱ ሲጠፋ ልጁ ሲመታ ይንገዳገዳል፣ አሠልጣኙ ደግሞ «ጠንክረህ ቁም!» ይለዋል። ልጁ ጠንክሯል፤ እግሩ ነው ቦታውን የሳተው። ሊሾው ላይ በጠመኔ ሁለት ትይዩ መስመር ማስመር ከአሥር ጩኸት ይሻላል።

ዶልዮ ቻጊና ጉልበት

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ልጆች ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ተናግረዋል፤ ሦስቱም በአንድ ምት፣ በዶልዮ ቻጊ (ከጎን ዞሮ በሚመጣ የእግር ምት) ነው። ምክንያቱ የቆመው እግር ነው። ዳሌው ወደ ጎን እየተገለበጠ የቆመው እግር ጣቶች ወደ ፊት እንደቀሩ ከሆነ ጥምዘዛው የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ለመታጠፍ እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። በባዶ እግር በላብ የረጠበ ሊሾ ላይ ሲሆን ውስጥ እግር ይጣበቃል፣ አይዞርም። ወጣቱ ይህን በራሱ ሰውነት ያውቀዋል፤ እግሩ ከዓመታት ልምድ የተነሳ ሳያስበው ይዞራል። ሳያስበው ስለሚያደርገው ለልጆቹ አልነገራቸውም። ይነግራቸው የነበረው «ከፍ! ከፍ!» ብቻ ነው። ሳይዞር ከፍ ለማድረግ የሚሞክር ልጅ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ እግሩንም እንደ ዱላ ያወናጭፋል።

ማስተሩ በምትኩ ያስገባው አካሄድ ይህ ነው። ልጆቹ ግድግዳ ጥግ ይቆማሉ፣ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይይዛል። ከእያንዳንዱ ልጅ እግር ሥር ወደ ዒላማው አቅጣጫ የጠመኔ መስመር ይሰመራል። መጀመሪያ ምት የለም፤ የቆመውን እግር ተረከዝ ትንሽ አንስቶ ተረከዙ ወደ ዒላማው እስኪያይ መዞር፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። ቀጥሎ የሚመታው እግር ጉልበት ታጥፎ ይነሳል፣ ጉልበቱ ዒላማውን እያየ እስከ ሁለት ይቆጠራል። ከዚያ ብቻ እግሩ ይዘረጋል፣ ከቀበቶ ከፍታ ሳያልፍ፤ መሬት ከመንካቱ በፊትም ተመልሶ ይታጠፋል። የሚታጠፈውን የሚዘልል ልጅ ከመታ በኋላ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ስለዚህ ወድቆ ያረፈበት ቦታ ራሱ ስሕተቱን ይናገራል።

በአይቲኤፍ ዶልዮ ቻጊ በዋናነት የሚመታበት የውስጥ እግር የፊት ክፍል፣ ከጣቶች ሥር ያለው ነው። ጀማሪ ልጅ ጣቱን ወደ ላይ ማጠፍ እስኪለምድ ግን ፓድ ላይ በእግሩ ጀርባ እንዲመታ ይሻላል፤ ያልታጠፈ ጣት ፓድ ሲነካ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ፓድ ያዡ ፓዱን ከራሱ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይይዘዋል፣ በሚመታው ልጅ ቀበቶ ልክ። በግማሽ መንገድ ላይ ወደ ምቱ መግፋት የለበትም።

ነጻ ስፓሪንግም ቆመ። ወጣቱ ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ስለለመኑት ብቻ ያለ ጓንትና ያለ ጥርስ መከላከያ ይፈቅድ ነበር፤ አንድ ልጅ አፍንጫው ደማ። ነጭ ቀበቶ የሚሠራው ሳምቦ ማሶጊ፣ አስቀድሞ የታወቀው የሦስት እርምጃ ፍልሚያ፣ ነው። ራሱን የተመታ ልጅ ደግሞ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሰልፍ አይመለስም፤ ለወላጁም ይነገራል።

ፑሽአፕና እናቶች

ላረፈደ ልጅ 20 ፑሽአፕ የተለመደ ነው። ወጣቱም ሲማር የደረሰበትን ነው የሰጠው። ግን የሰባት ዓመት ልጅ የሚያረፍደው በራሱ አይደለም፤ ባጃጅ ያጣ፣ ታላቅ እህቱ እስክታደርሰው የጠበቀ ነው። የተቀጡት ልጆች መቅረት ጀመሩ፤ ሲያረፍዱ ከበር የሚመለሱም ነበሩ። አንዲት እናት መጥተው ነገሩን በአጭሩ አሉት፦ «ልጄ፣ ያረፈድኩት እኔ ነኝ። ፑሽአፑን ለእኔ ስጠኝ።» ወጣቱ «ይቅርታ እትዬ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ያረፈደ ልጅ በር ላይ ቆሞ እጅ ይነሳል፣ «ግባ» ሲባል ከኋላ ይሰለፋል፣ በቃ። ያረፈደበትን ማሟሟቂያ ብቻውን ለሦስት ደቂቃ በጥግ ይሠራል፤ ቅጣት አይደለም፣ ያልሞቀ ሰውነት መምታት ስለሌለበት ነው።

ከወላጅ ጋር የተያያዙ ሌሎች ነገሮችም ያኔ ተወሰኑ። የአዳራሹ በር በሥልጠና ሰዓት ክፍት ይሆናል። ወላጅ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችላል፤ ከወንበሩ ሆኖ ልጁን ማረም ግን አይችልም። አሠልጣኙ የልጅ እጅ ወይም እግር ለማስተካከል ከመንካቱ በፊት «ላስተካክልህ?» «ላስተካክልሽ?» ይላል፤ በቃልና በጠመኔ የሚስተካከለውን አይነካም። የወር ክፍያ አሠልጣኙ አይቀበልም፤ ለማስተሩ በቀጥታ ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው ወጣቱን በጣም አሳርፎታል፤ ያልከፈለ ልጅ ላይ ፊቱ እንዳይቀየር።

የትናንት ጓደኞች

ከአራቱ ጥግ ቋሚዎች ሁለቱ የወጣቱ እኩዮች ናቸው፤ አብረውት የጀመሩ፣ አቋርጠው የተመለሱ፣ አሁን ሰማያዊ ቀበቶ ያላቸው። ሰልፍ ላይ በቅጽል ስሙ እየጠሩ ያስቁበት ነበር። ማስተሩ ሊቆጣቸው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ሥራ ሰጣቸው። አንደኛው የስም መዝገብ ይጠራል፣ ሌላው ፓድ ያድላል፣ ይሰበስባል። የሚያስቀው ነገር በሥራ ብዛት ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ «ቡሳቦም» ይሉታል፤ ወጥተው ሻይ ሲጠጡ ቅጽል ስሙ ይመለሳል። በዚህ ላይ ደንብ ማውጣት አላስፈለገም።

ሁለተኛው ርክክብ

ማስተሩ ለአራት ሳምንት በሳምንት ሁለት ቀን ከደብረ ታቦር እየተመላለሰ ክፍሉን መልሶ ያዘ፤ ከዚያ በቁራጭ አስረከበ። በመጀመሪያው ሳምንት ወጣቱ የያዘው ማሟሟቂያና ማብረጃ ብቻ ነው፣ 10 ደቂቃና 5 ደቂቃ። በሁለተኛው በአንድ ጥግ ስምንት ነጭ ቀበቶዎች ተሰጡት፣ ሳጆ ጂሩጊ ብቻ። በሦስተኛው ቾንጂና ፓድ። በአራተኛው ሙሉውን ክፍል ያዘ፤ ማስተሩ ዶቦክ ለብሶ ከኋላ ረድፍ እንደ ተማሪ ተሰለፈ። ልጆቹ መጀመሪያ ወደ ኋላ እየዞሩ አዩት፤ ማስተሩ ወደ ፊት ብቻ ስለሚያይ ተዉት።

ክፍሉ ከ90 ወደ 60 ደቂቃ ወረደ። 5 ደቂቃ ሰልፍና ስም፣ 10 ማሟሟቂያ፣ 15 መሠረታዊ እንቅስቃሴ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ 15 ፓድ፣ 10 ፓተርን፣ 5 ማብረጃ። ወጣቱ ይህን በእጁ ጽፎ ወደ ክፍሉ ይዞት ይገባል። ለእርማትም ገደብ ተቀመጠ፦ በአንድ ዙር ለአንድ ልጅ አንድ ነገር። ቀድሞ «እጅህን፣ ወገብህን፣ ተረከዝህን፣ ዓይንህን» በአንድ ትንፋሽ ይል ነበር፤ ልጁም የመጨረሻውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሳሳቱት ነገር ከሆነ አንድ በአንድ አይታረምም፤ «ባሮ» ተብሎ ክፍሉ ይቆማል፣ አንዴ ይነገራል፣ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፍልሰታ ገባ። ነሐሴ 1 የሚጀምረውን ጾም በዚህ አገር ትንንሽ ልጆችም አጥብቀው ይጾሙታል፤ ጠዋት 3 ሰዓት የነበረው ክፍል በባዶ ሆድ የሚሠሩ ልጆች መሆኑ ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በማሟሟቂያ መሐል ተቀመጠች፤ ፊቷ ነጥቷል። ክፍሉ ወደ ቀኑ 10 ሰዓት ተዛወረ፣ ልጆቹ አፍጥረው ቀምሰው እንዲመጡ። ነገር ግን የከሰዓት የነሐሴ ዝናብ ሌላ ችግር አመጣ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት) የሚለው ቆጠራ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ወጣቱ ሁለት ቀን ጮኾ ድምፁ ዘጋ። በሦስተኛው ቀን በእጅ ምልክት ተስማሙ፦ ወደ ላይ የተነሳ ጡጫ ቻርዮት (ቀጥ ብለህ ቁም)፣ ሁለት እጅ ወደ ፊት ጁንቢ (ተዘጋጅ)፣ መዳፍ ወደ ታች ሲወርድ አንድ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ክንድ ሲጣመር ባሮ። ልጆች ወደ አሠልጣኙ ማየት የተማሩት በዚህ ነው፤ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆምም ምልክቱ አልተተወም።

ወጣቱ የከፈለው ዋጋም አለ። ሰኔና ሐምሌ የራሱን ሥልጠና አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን ለመድረስ ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል ይጠበቃል፤ ኳንጌ፣ ፖኡንና ጌቤክ የሚባሉትን ሦስት ፓተርኖች ማወቅ ግድ ነው፤ ሲጠየቅ የጌቤክን 44 እንቅስቃሴ መጨረስ አቃተው። አሁን በሳምንት ሁለት ምሽት በአዋቂዎች ክፍል በተራ ቦታው ይሰለፋል፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ጣና ዳር ብቻውን ይሠራል። በእነዚህ ሁለት ምሽቶች ማስተር ባይኖርም የልጆች ጉዳይ አይነሳለትም።

በጥቅምቱ የቀበቶ ፈተና የፈተነው ማስተሩ ነው፤ ወጣቱ የቀረቡትን ስም ከማንበብ በቀር ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከቀረቡት 19 ልጆች 16ቱ አለፉ። የወደቁት ሦስቱ በቾንጂ ሳይሆን በሳጆ ጂሩጊ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ የነበሩት፣ ያኔ የተዘለለባቸው ናቸው። ለእነሱ ሁለት ሳምንት ተሰጠ።

ከነጭ ቀበቶዎቹ 11ዱ ሴቶች ናቸው፤ ከአዋቂዎቹ ክፍል አንዲት ሰማያዊ ቀበቶ ያላት ልጅ በኅዳር ልጆችን ማሠልጠን እንድትጀምር ተወስኗል። የምትጀምረው በዚያው የአራት ሳምንት ወረቀት ነው፤ ማስተሩ የቀየረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ፓድ የያዘው ሳምንት ሁለት ሳምንት ሆኗል፣ የመጀመሪያው ያለ ፓድ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ተረከዝ ማዞር ብቻ።